የጓድ ይግዛው ፍለጋ

ሰፊው ሕዝብ በመራራ ትግሉ ከተቀዳጃቸው ድሎች ሁሉ በ1980 ዓ.ም. መካነ ኢየሱስ ከተማ እንደገባችው ኮምፒውተር ያለ ድል አልታየም። እርግጥ አንድ የእርዳታ ድርጅት ዕቃውን ሲጠቀልል ትቷት ነው የሄደው። ስሙን ባንጠራው የሚሻል አንድ መሥሪያ ቤት የሚመሩት ጓድ ይግዛው ግን «በትግላችን ያገኘናት» ብለው በስብሰባ አስጸደቁ።

ከዚያም ቢሯቸውን ዘግተው ከእንግሊዝኛው መመሪያ ጋር ግብግብ ገጠሙ። ከጽሑፍ መሐል አንድን ቃል ፈልጎ የሚያወጣ ትእዛዝ እንዳለ አነበቡና ሞከሩ፤ ስሕተት አለች። ደገሙ፤ ስሕተት። መመሪያውን ቢመለከቱ ለካ ቃሉ በትእምርተ ጥቅስ መታጠር ኖሮበታል። አጠሩት።

«አይናለም!» ብለው ጸሐፊያቸውን ተጣሩ። «ሪፖርታችን ውስጥ ‹ዕቅድ› የለም ትለኛለች እኮ!»

«በላቲን ፊደል ስተይበው በትንሹ ነው፤ እርስዎ በትልቁ ጻፉት። ትልቅና ትንሽ ትለያለች መሰለኝ።»

«በዚህ ዘመን? መደብ ትለያለች?» በመስኮት ብቅ ብለው ግራ ቀኙን አዩ። «ለማንም እንዳትነግሪ!»

በትንሹ ቢጽፉት «ዕቅድ» ስክሪኑን ሞላው። ጓድ ይግዛው ወንበራቸው ላይ ዘለሉ።

ዝናቸው ሲሰማ፣ ሥራ ያላሳየውን ኃላፊ ሁሉ ከወንበሩ ሲያነሡ የሰነበቱት የበላይ አለቃ፣ ጓድ ዳኘው፣ ከተፍ አሉ።

«በል፣ ከሪፖርትህ ‹ተፈጸመ› የሚለውን አውጣልኝ።»

ጓድ ይግዛው ጻፉ። ኮምፒውተሯ የሪፖርቱን ስም ብቻ አሳይታ፣ አንድም መስመር ሳታወጣ ጸጥ አለች። ውጭ ጄኔሬተሩ ያጓራል።

«ምነው ዘጋችህ?»

«እያ… እያሰበች ነው፣ ጓድ።»

ላብ እያጠመቃቸው መመሪያውን ሲያገላብጡ ከአንድ ገጽ ግርጌ አንዲት ምልክት አገኙ፤ ቃሉ ያለበትን ሳይሆን የሌለበትን መስመር ሁሉ የምታወጣ። ጨመሯት።

ስክሪኑ ጎረፈ። የጤና ጣቢያው፣ ድልድዩ፣ የእህል መጋዘኑ፣ የስማዳ መንገድ፣ ያልተፈጸመው ሁሉ በሰልፍ ያልፍ ጀመር። ጓድ ዳኘው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይሄ ሁሉ?»

«ይሄ ሁሉ፣ ጓድ» አሉ ጓድ ይግዛው፤ በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ እውነት ተናግረው አያውቁም።

ጓድ ዳኘው አጨበጨቡ፤ ዕድገትም እዚያው ቃል ገቡ። ሲወጡ ጠጋ ብለው፣ «የእኔንም መሥሪያ ቤት ሪፖርት በዚሁ ዘዴ ፈልግልኝ። ብዙ ያወጣ ይሆን?» አሏቸው።

«የእርስዎማ፣ ጓድ» አሉ ይግዛው እጅ ነሥተው፣ «ማለቂያም የለው!»

ጓድ ዳኘው በሙገሳው ፊታቸው በራ።