የኦቦ ሂርጳ ገመድ

ዓለም የተበላሸችው በብተና ስለተዘራች ነው ብሎ የሚያምን ሰው በየቀበሌው አንድ አይጠፋም። መልካቸው ይለያይ እንጂ ሁሉም አንድ ናቸው፦ ፀሐይ ያነጣው ኮፍያ፣ ነዳጅ ከቀመሰች ወር ያለፋት ሞተር ሳይክል፣ ደረት ኪስ ላይ የተሰካ ቀለም የጨረሰ እስክሪብቶ። ለገበሬው የማይመክሩት ነገር የለም፤ የገዛ ጓሯቸውን ግን አረም ወርሶታል። ከእጃጂ ከተማ ወረድ ብሎ ላለው ቀበሌ የደረሱት ኦቦ ሂርጳ ነበሩ።

የክቡር የግብርና ባለሙያው የኦቦ ሂርጳ ስብከት አንዲት ቃል ናት። «ቶራን!» ይላሉ በኦሮምኛ፤ ያልገባው ካለ «በመስመር!» ብለው ይደግሙለታል። ጤፍ በመስመር፣ በቆሎ በመስመር። አንድ እሁድ ቸርች ውስጥ አግዳሚ ወንበሮቹ ጠመም ብለው ቢያዩ በጸሎት መሀል ተነስተው ሲያስተካክሉ፣ ቄሱ «አሜን» የሚሉበት ቦታ ጠፍቷቸው እንደነበር ይወራል። ሰርግ ቤት ወጥ ለማስጨለፍ የሚጋፋውን እድምተኛ ደግሞ አሰልፈው፣ ሙሽራው ራሱ ከሰልፉ መጨረሻ ቆሞ ተራውን ሲጠብቅ ኤቢሴ በዓይኗ አይታለች።

ኤቢሴ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ጥማድ መሬት ያላት፣ ምላሷ ከማጭዷ የሰላ ገበሬ ናት። በኦቦ ሂርጳ ላይ እንደ እሷ ያሾፈ የለም። ሞተራቸው ከሩቅ ስታስነጥስ ከሰማች፣ «ተሰለፉ፣ መስመሩ መጣ!» ብላ ጎረቤቱን ትጠራለች።

ከሁሉ የሚያስቃት ገመዳቸው ነበር። ኦቦ ሂርጳ ሱሪ ረስተው ከቤት ሊወጡ ይችላሉ፤ ገመድ ረስተው ግን አይወጡም። ሃያ ክንድ የሚሆን የቃጫ ገመድ ነው፤ በየሦስት ጣቱ ቀይ ክር ታስሮበታል፤ ክሩ ባለበት ፍሬ ይጣላል። ክሮቹን ከአሮጌ ሹራባቸው እየተረተሩ አንድ በአንድ ያሰሩላቸው ባለቤታቸው አዴ ለንሳ ናቸው። «ሌላው ለሚስቱ ወርቅ ያስራል፣ እኔ ለባሌ ገመድ አስራለሁ» ይሉ ነበር እየሳቁ።

በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ኦቦ ሂርጳ አኩሪ አተር የሚባል ዘር ይዘው መጡ። የዕድሩ ሰብሳቢ ኦቦ ደቻሳ ወዲያው «የመንግሥት አተር» ብለው ስም አወጡለት። ዘሩ በስኳር ውሃ ይርሳል፣ ከዚያ ጥቁር ዱቄት ይለወሳል፣ ከዚያ ፀሐይ እንዳይነካው ተሸፍኖ የዚያኑ ዕለት ይዘራል። ኦቦ ሂርጳ ኮታቸውን አውልቀው ዘሩን ሲያለብሱ ኤቢሴ አላስቻላትም።

«ኦቦ ሂርጳ፣ ስኳሩን አጠጡት፣ ኮት አለበሱት። ዳቦውስ?»

«ዱቄቱ ሕይወት አለው፣ ኤቢሴ» አሉ ሳይስቁ። «ሥሩ ላይ ተቀምጦ ከአየሩ ማዳበሪያ ያወጣልሻል።»

«እንዲህ ከሆነማ እኔንም ይለውሱኝ!»

ያን ቀን ማሳው ላይ የነበረ ሁሉ ሲስቅ ዋለ። የባሰው የመጣው ግን ቅምሻው ላይ ነው። አንዳንዱ ለዘር የተሰጠውን ቀንሶ፣ እንደ ባቄላ ጥሬውን አስፈጭቶ ሽሮ ቢሠራው፣ ቀበሌው በሙሉ ተፋው። ኦቦ ሂርጳ ስለ ጠቀሜታው ንግግር አደረጉ፤ የሰማቸው የለም። አዴ ለንሳ ግን ንግግር አላደረጉም። ድስታቸውን አንጠልጥለው ቤት ለቤት ዞሩ፤ መጀመሪያ መቀቀል፣ ገለባውን ማውጣት፣ አድርቆ መቁላት፣ ከዚያ ከሽሮ እህል ጋር ማስፈጨት። ኤቢሴ በቆሎዋን ትታ ሁለቱንም ጥማድ አኩሪ አተር የዘራችው ለኦቦ ሂርጳ መስመር ሳይሆን ለአዴ ለንሳ ወጥ ብላ ነው። ይህን ለኦቦ ሂርጳ ፊት ለፊት ነግራቸዋለች፤ እሳቸውም «ዋናው መዝራትሽ ነው፤ በመስመር ብቻ ይሁን» ብለዋታል።

ስለ ገበያም የራሳቸው ስብከት ነበራቸው። «አንድ ቁና ይዘሽ መንገድ ዳር ስትቀመጪ ነጋዴውን የምትለምኚው አንቺ ነሽ። አንድ መኪና ሙሉ ስንሆን ግን እሱ ይለምነናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!» እውነትም የዘይት መጭመቂያ ያለው አንድ ገዢ አፈላልገው አመጡ። ሰውየው በኅዳር ሦስተኛ ቅዳሜ ይመጣል፤ ግን መኪናው ካልሞላ አንድ ጆንያም አይጭንም። ተወቅቶ፣ ተበጥሮ፣ በጆንያ ሆኖ ይጠብቀው።

አኩሪ አተር አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ደርቆ ከቆየ ባለቤቱን አይጠብቅም። ቅርፊቱ በፀሐይ ጧ ብሎ ይፈነዳና ፍሬው መሬት ላይ ይበተናል። ኦቦ ሂርጳ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። «እንደ ባቄላ ይቆየኛል ብላችሁ እንዳትታለሉ። ቅጠሉ ረግፎ ካበቃ ማለዳ በጤዛው እጨዱት!» ሁሉም ተስማማ፤ ከዚያው ሳምንት ሰኞ ጀምሮ በደቦ፣ ከኤቢሴ ማሳ ተነስቶ በተራ ሊታጨድ ቀን ተቆረጠ።

እሁድ ቀትር ላይ አዴ ለንሳ ሞቱ።

ሦስት ቀን ራሴን ብለው ነበር፤ ወደ አምቦ ሆስፒታል ሲወሰዱ መንገድ ላይ አረፉ። ሰኞ ተቀበሩ። ኦቦ ሂርጳ ምን ያህል እንደሚወደዱ ሕዝቡ ራሱ ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ያሾፈባቸው ሁሉ መጣ፤ ከአራት ቀበሌ መጣ። የዕድሩ ሕግ ሐዘን ቤት ሦስት ቀን እስኪሆነው ማጭድ አይነሳም ይላል። ኦቦ ደቻሳም ዱላቸውን ተክለው፣ «የሂርጳ ቤት ድንኳን ተተክሎ እህል የሚያጭድ ካለ የእኔ ቀብር ላይ እንዳይደርስ!» ብለው አስጠነቀቁ። ማን ይነካ።

ድንኳኑ የተተከለው ከኤቢሴ ማሳ አጥር አጠገብ ነበር። ማክሰኞ ፀሐይዋ በረታች። መዝሙሩ አልቆ ሰው ጸጥ ባለበት ሰዓት ከአጥሩ ማዶ አንድ ድምፅ ተሰማ። ጧ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ጧ፣ ጧ።

ኤቢሴ ድምፁን አወቀችው። የዓመት ጉርሷ ነው እየፈነዳ ያለው። በዚህ ሐዘን መሀል ማሳዋን ማሰቧ አሳፈራትና አንገቷን ደፋች። ቀና ስትል ኦቦ ሂርጳም ወደ አጥሩ እያዩ ነበር።

«ኦቦ ደቻሳ፣ ማሎ» አሉ፤ መለመናቸው ነው። «ሰዎቹ ይሂዱ። እየረገፈ ነው።»

«ይርገፍ፣ ልጄ። አንተን ጥለን የት እንሄዳለን?»

«ለንሳ የደከመችበት ነው።»

«ለንሳን አክብረን አይደል የተቀመጥነው?»

ደግሞ ጧ አለ። ኦቦ ሂርጳ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ እንደጣሉ ተነሱ። ሰው ለጉዳይ የወጡ መስሎት መንገድ ለቀቀላቸው። እሳቸው ግን የኤቢሴን አጥር ተሻግረው፣ ከአንድ ግንድ ሥር ያስቀመጠችውን ማጭድ አንስተው ጎንበስ አሉ፤ ከዳር፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀመሩ።

ኦቦ ደቻሳ ዱላቸውን እንደያዙ ተከትለው ደረሱ። «ሂርጳ!» ማጭዱ አላቆመም። እንግዲህ ሐዘንተኛ ለብቻው አይተውም፤ ይህም የዕድሩ ሕግ ነው። ሽማግሌው በሁለት ሕግ መካከል ቆመው ቀሩ። በኋላ ዱላቸውን አጥሩ ላይ አስደገፉና፣ «ማጭድ አምጡ» አሉ፤ «ወዳለበት ሄደን እናስተዛዝነዋለን።»

ያ ሁሉ ሕዝብ ወደ ማሳው ገባ። ተሰለፉ ያላቸው የለም፤ ግን አንድም ሰው መስመር አልሳተም። ሴቶቹ መዝሙሩን እዚያው ቀጠሉ። ኤቢሴ ከኦቦ ሂርጳ ቀጥላ ያለውን መስመር ይዛ ስታጭድ፣ «ቶራን… ቶራን…» እያሉ ለራሳቸው ሲያንሾካሹኩ ሰማቻቸው። እንባቸው ማጭዱ ላይ ይወርዳል። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያች ቃል መሳቅ አቃታት፤ እሷም አለቀሰች።

ሐዘኑ እንዲህ ከማሳ ማሳ እየዞረ ሦስት ቀኑን ጨረሰ። የኤቢሴ ሲሶው ረግፎ ነበር፤ የሌላውም ያው። ቢሆንም ቅዳሜ መኪናው ሞላ። ገዢው «የከርሞውንም ለሌላ እንዳትሰጡብኝ፣ አደራ» ብሎ ሲለምን ሰው ሁሉ ዞሮ ኦቦ ሂርጳን አየ። ቃላቸው ደርሶ ነበር። እሳቸው ግን አልሰሙም። ለመጫን የቀሩት ጆንያዎች እንደ ነገሩ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተወርውረው ነበር። ኦቦ ሂርጳ አዩአቸው። ሳያስተካክሏቸው አለፉ።

ኤቢሴ የፈራችው ያኔ ነው።

ክረምቱ እስኪመለስ ኦቦ ሂርጳ ቢሮ ይገባሉ፣ ይፈርማሉ፣ ይቀመጣሉ። ሞተራቸው አታስነጥስም። ገመዱን ያየ የለም። አንዱ ሲበትን፣ አንዱ አጠማሞ ሲዘራ የሚቆጣው ጠፋ፤ ቀበሌው ሰላም ሆነ። ይህን ሰላም ኤቢሴ ጠላችው።

ሰኔ ላይ ለአንድ መስመር የሚበቃ ዘር በስኳር ውሃ አራሰች፣ ጥቁሩን ዱቄት ለወሰች። ከዚያ እሳቸው በእግር ከሚያልፉበት መንገድ ዳር፣ ሆን ብላ፣ እባብ የሄደበት የሚመስል አንድ ጠማማ መስመር ዘራች። የሚያልፈው ሁሉ «ኤቢሴ፣ ጠላ ቤት ነው እንዴ ያደርሽው?» ይላታል። እሷ የምትጠብቀው ግን እሳቸውን ነበር።

ወደ ማምሻው ኦቦ ሂርጳ መጡ። ቆሙ። መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት።

«ኤቢሴ።»

«አቤት፣ ኦቦ ሂርጳ!» አለች፤ ልቧ ዘለለ።

አፋቸውን ከፈት አደረጉ። «ዝናቡ ዘንድሮ ደህና ነው» አሉና አለፉ።

ኤቢሴ ማሳዋ ዳር ቁጭ ብላ አነባች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ ለአዴ ለንሳም ለባሏም አብቃቅታ አለቀሰች።

በማግስቱ ማለዳ ቀሪውን ዘር ለውሳ ልትዘራ ስትመጣ፣ ከጠማማው መስመር አጠገብ ሁለት ችካል ተተክሏል። በመካከላቸው ገመዱ ተወጥሯል። ሰው የለም፤ ጭቃው ላይ የቦቲ ጫማ ዱካ ብቻ ነበር። ጎንበስ ብላ አየችው። ቀዩ ክር ተበልቶ በወደቀበት ቦታ ሁሉ አዲስ ነጭ ክር ታስሯል፤ አስተሳሰሩ የወንድ እጅ ነው፣ ቋጠሮው ወፍራምና የተንጋደደ።

ኤቢሴ ተንበረከከች። ቀዩም ነጩም ክር ሥር አንድ አንድ ፍሬ እየጣለች እስከ ጫፍ ደረሰች፤ ገመዱን እያነሳች ሁለቱንም ጥማድ እንዲሁ ዘራች።

ጠማማውን መስመር ግን አልገለበጠችውም። ነገም በዚያ ማለፋቸው አይቀርም፤ የሚቆጡበት ነገር ያስፈልጋቸዋል።