ያማረ ሠላሳ ስምንት

ሰው ስህተቱን ለማረም ከሚደክመው ይልቅ ምልክቱን ለማጥፋት የሚደክመው ይበልጣል። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ገበናችሁን አላነሣም። እኔ ግን አስተማሪ ነበርኩና የማጥፊያውን አሠራር ራሴው አስተምሬ አርፌዋለሁ።

በደርግ ጊዜ መካነ ሰላም ከተማ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። ቤተ ሙከራችን ቁልፍ እንጂ ዕቃ አልነበረውም። ስለዚህ የካርቦክሲሊክ አሲድ ጨዎችን አሙቆ አልዲሃይድና ኪቶን ማውጣትን ያስተማርኩት በጠመኔ ብቻ ነው። ኖራን በኮምጣጤ በጥብጣችሁ ውሃውን በእሳት አድርቁት፤ ደረቁን ጨው በተከደነ ጣሳ አጥብቃችሁ አሙቁት፤ በቱቦ የሚወጣውን ትነት ስታቀዘቅዙት አሴቶን ይንጠባጠባል፤ የፎርሚክ አሲድ ጨው ከቀላቀላችሁበት ደግሞ አልዲሃይድ ታገኛላችሁ አልኩ። ክፍሉ እንዳያንቀላፋብኝም፣ አሴቶን የእስክሪብቶ ቀለም እንደሚያስለቅቅ ጣል አደረግሁ። አፌን ቁርጥ ያድርገው!

ሰኔ መጨረሻ ካርድ ታደለ። በሳምንቱ የተማሪዬ የየሺመቤት አባት መርጌታ፣ ልጃቸውን አስከትለው ቤቴ መጡ። ዕድሜ ልካቸውን ብራና ላይ የጻፉ ቁም ጸሐፊ ናቸው። የሺመቤት በኬሚስትሪ ሠላሳ ስምንት አምጥታ፣ በዚያው ሰበብ ክፍል ደጋሚ ሆናለች። እሳቸው የያዙት ካርድ ግን ኬሚስትሪ ሃምሳ ስምንት፣ ውጤትም «ተዛውራለች» ይላል። ሰማንያ ስምንት ማድረግ ስትችል ሃምሳ ስምንት! የጨዋ ልጅ።

«አንቱ መምህር፣» አሉኝ ካርዱን ወደ መስኮቱ እያነሡ፣ «እኛ ስህተት ስንፍቅ ብራናው ላይ ጠባሳ ይቀራል። ይኸ ጠባሳ የለውም፤ አዲሱ ቀለም ብቻ ዳር ዳሩን ሰርጓል። ከሣጥኗም ይኸን አገኘሁ።»

የመድኃኒት ብልቃጥ ነው። ከፍቼ አሸተትኩት። አሴቶን!

የሺመቤት አንገቷን ደፍታ ተናዘዘች። ኖራው የቀበሌው ግድግዳ ተቀብቶበት የተረፈ ነው፤ ኮምጣጤው የተበላሸ ጠጅ፤ ቱቦው አባቷ ብርዕ አድርገው ሊቀርጹት ያስቀመጡት መቃ። መቆጣት ሲገባኝ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። በጠመኔ ያወራሁትን በእሳት የሞከረ አንድ ሰው ተገኘ፤ እኔ ራሴ እንኳ ሠርቼው አላውቅም።

«መርጌታ፣ ይህን የሠራች ልጅ በኬሚስትሪ አትወድቅም። ሃያ ነጥብ ልጨምርላትና ትለፍ» አልኩ። የሺመቤት ቀና አለች።

መርጌታ ጢማቸውን አሻሹ። «መልካም። ለሠራችው ሃያ ይጨምሩላት፤ ለዋሸችው ሃያ ይቀንሱባት።»

ብደምር፣ ብቀንስ፣ ያው ሠላሳ ስምንት።

ከዚያ ጥጥ ከብልቃጡ ነክረው የልጃቸውን ሐሰት ጠረጉና፣ የቀለም ቀንዳቸውን ከፍተው «ደጋሚ» ብለው ጻፉ፤ ከበላዩም ፴፰ን አስቀመጡ። ድጓ ላይ እንኳ እንዲያ ያማረ ቁጥር አላየሁም። «የጥላሸት ቀለም ነው፣» አሏት፣ «ውሃሽ አይነካውም።» የሺመቤት እያለቀሰች ሳቀች።

ክፍሉን ደገመች። በዓመቱ እዚያ ትምህርት ላይ ስንደርስ ጠመኔዬን አስቀመጥኩና ጣሳዋን፣ ኖራዋንና መቃዋን ይዛ ወደ ፊት እንድትወጣ ጠራኋት። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ማስታወሻ ያዝኩ።