ትርፍ ጎማን ለመውረስ የወጣ አዋጅ

ታላላቅ ሥራዎች የሚሠሩት በአደባባይ ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። አንዳንዱ ባሕር ማዶ፣ ሚልፒታስ በምትባል ከተማ ውስጥ፣ በሰው ጋራዥ፣ ከልብስ ማጠቢያ ማሽን አጠገብ ይሠራል። የኦክላንዱ ጋሻው አገር አላዳነም፣ ረሃብም አላጠፋም፤ ነገር ግን የአንዲትን አሮጌ ዳትሰን መኪና የኋላ መስታወት አንቀጥቅጧል። ታሪኩ ለትውልድ ሳይተላለፍ ቢቀር ትውልዱ ምንም አይጎዳም። ቢሆንም እኔ ግዴታዬን እወጣለሁ።

ጋሻው ቀኑን ሙሉ የሆቴል እንግዶች ከኤርፖርት ሲያመላልስ ይውልና በራሱ መኪና ወደ ቤቱ ሲመለስ አንድ ሐዘን ይወድቅበት ነበር። የካሴቱ ድምፅ ቀጭን ነው። ከበሮው በጣት የሚመታ ይመስላል። ስለዚህ ሰብውፈር የሚሉትን፣ ከሥር የሚያጉረመርመውን ትልቅ ስፒከር ገዛ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ጋሻው ግን ሞኝ አልነበረም፤ የያዘውን ያልለቀቀው በጥናት ነው።

ጥናቱ እንዲህ ይላል፦ ስፒከሩ የኋላ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ሌባ ያየዋል። በግልጽ ከኋላ ዕቃ መጫኛው፣ ትራንክ ውስጥ ቢቀመጥ ደግሞ ጋሽ ዘነበ ያዩታል፤ ይህ ከሌባ ይብሳል። ምክንያቱም ጋሽ ዘነበ በመጪው እሑድ ሳን ሆዜ ሄደው ወይንሸትን ከአባቷ ከአቶ ጥሩነህ ሊጠይቁለት ቃል የገቡ ሽማግሌ ናቸው። ወይንሸትም አስቀድማ አስጠንቅቃዋለች፦ «አባዬ ስለ ሥራህም ስለ ዘርህም አይጠይቅም። ‘ለክፉ ቀን የሚያስብ ልጅ ነው ወይ?’ ብቻ ነው የሚለው።» ስለዚህ ሰብውፈሩ መደበቅ ነበረበት።

የሚልፒታሱ ጋራዥ የጓደኛው የሰዒድ ነው። ሰዒድ ኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ስለሚሠራ ሽቦ የተባለ ሁሉ ያውቀኛል ይላል። የዳትሰኗን ትራንክ ከፍቶ ምንጣፉን ገለጠ።

«ይቺ ክብ ጉድጓድ ለሰብውፈሩ ልክ ናት።»

«ጎማ አለባት እኮ።»

«ምን ጎማ?»

«ትርፍ ጎማ።»

ሰዒድ ቀና አለ። «ትርፍ ያልከው አንተ ነህ። እኛ አገር ትርፍ የተባለ ነገር ምን ሆነ?»

«ተወረሰ።»

«በቃ!»

በዚህ ክርክር ውስጥ ስንጥቅ የሚያገኝ የሕግ ሰው ካለ ይምጣ። ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ እያየ ያደገ ሰው፣ ትርፍ የሚባል ጎማ መኪናው ውስጥ ተንፈላስሶ ሲኖር እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል? ስለዚህ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጉድጓዱ የሰፊው ሙዚቃ ሀብት እንዲሆን ተወሰነ። ለተወረሰው ጎማ ካሳ አልተከፈለም። ጣውላ ተቆረጠ፣ ሰብውፈሩ ተቀበረ፣ ከላይ ምንጣፍ ለበሰ። ሲሞክሩትም መስታወቱ ተርገፈገፈ፤ የሰዒድ ጎረቤት ምድር የተንቀጠቀጠች መስሎት ልጆቹን ሰብስቦ በር መቃን ሥር ቆመ። ጋሻው ከደስታ ብዛት ድምፁን ጨመረው።

እሑድ ደረሰ። ጋሻው መሪውን ያዘ፤ ጋሽ ዘነበ ከፊት፣ ሁለተኛው ሽማግሌ ጋሽ ከማለዲን ከኋላ ተቀመጡ። ጋሽ ከማለዲን ወሎዬ ናቸው፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ግን ውሸት አፋቸው የማይገባ ሰው። በሽምግልና ላይ ይህ እንከን መሆኑን ጋሽ ዘነበ ሳያውቁት አልቀሩም። መኪናዋ ዩኒየን ሲቲን ስታልፍ ጋሽ ዘነበ ንግግራቸውን ይለማመዱ ጀመር።

«ለነገ የሚያስብ፣ ከዛሬው ለክፉ ቀን የሚያስቀምጥ ልጅ ልኮን…»

ቀጥላ ያለችው ኒውአርክ ከተማ ላይ አንዱ ጎማ ተነፈሰ።

«ምን ያስቆዝምሃል? ትርፍ ጎማውን አውጣና ቀይር እንጂ!» አሉ ጋሽ ዘነበ።

ጋሻው ትራንኩን ከፈተ። ሌላ ምርጫ ስላልነበረው ምንጣፉንም ገለጠ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አጎንብሰው አዩ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ሰብውፈር ነው፣ ጋሽ ዘነበ።»

«ይሽከረከራል?»

«አይ… ያጉረመርማል።»

«ለማጉረምረሙማ እኔ አለሁልህ አይደለም እንዴ!»

«ጋሽዬ፣ አይቆጡ። ቶው ኮል አደርጋለሁ፤ ጎታች ይመጣል።»

እሑድ ነውና ጎማ ቤቱ ሁሉ ዝግ ነበር። ስለዚህ የክብር ልዑካኑ ነጠላቸውን እንደለበሱ በመኪና ጎታች ጋቢና ውስጥ ተጣብቀው የጎማውን የውርስ ታሪክ ከጋሻው እየሰሙ ተቀመጡ፤ ዳትሰኗም አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ሰቅላ ተከተለች። ሙሽራ ሊጠየቅበት ያለ ቤት ደጃፍ ላይ እንዲህ ያለ ግርማ ሞገስ ታይቶ አይታወቅም። አቶ ጥሩነህ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ በራቸው ላይ ቆመው ሁሉንም አዩ።

ጋሻው ደጅ ቀርቶ ሽማግሌዎቹ ሲገቡ እንደ ደንቡ አንቀመጥም አሉ። ጋሽ ዘነበም ስለ ነገና ስለ ክፉ ቀን የተዘጋጀውን አንድም ሳያጎድሉ ተናገሩ። አቶ ጥሩነህ በትዕግሥት አዳመጡ።

«መልካም። ለመሆኑ መኪናችሁ ምን ሆና ነው ተሰቅላ የመጣችው?»

ጋሽ ዘነበ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ጋሽ ከማለዲን ግን ተጠይቀዋልና መለሱ። «ጎማ ተንፍሶ ነው።»

«ትርፍ ጎማ የላትም?»

«ነበራት። ባለቤቱ ትርፍ ነው ብሎ አወጣና ሙዚቃ ተከለበት።»

አቶ ጥሩነህ አዲስ አበባ ላይ ሁለት ቤት የተወረሰባቸው ሰው ናቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

«ትርፍ ነው ብሎ? ንብረቴን የወሰደብኝ ቃል ሳን ሆዜ ድረስ ይከተለኛል? ማነው ይሄ ባለመኪና?»

«ሹፌራችን ነው!» አሉ ጋሽ ዘነበ ፈጠን ብለው። «የላከን ልጅ ሌላ ነው።»

ሽምግልና ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ጎረምሳው ከተቀየመበት አማት እጅ በአንድ ቃል ዳነ፤ የጠፋው ራሱ ጎረምሳው ብቻ ነው። ጋሽ ከማለዲን «ኧረ ዘነበ…» ብለው ሲጀምሩ እግራቸው ተረገጠ።

አቶ ጥሩነህ በረድ አሉ። «ቢሆንም እንግዳ ነው። ጥሩት፣ እህል ይቅመስ።»

ጋሻው ሲገባ ጋሽ ዘነበ «ሹፌር ነህ» ብለው ሹክ አሉትና በሩ አጠገብ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አቶ ጥሩነህ እንደ አባት መከሩት።

«ስማ የኔ ልጅ፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነገር ትርፍ አይባልም። መጠባበቂያ ነው የሚባለው።»

«አዎ፣ አባባ።»

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «እንደ ደንቡ ቀጠሮ ልሰጣችሁ ነበር። ግን ይህን ልጅ ሳየው የእናንተ ልጅ ከበረብኝ። ወይንሸትን ለዚያ ለአስተዋዩ ሰጥቻለሁ። እንዲህ ላለው ግን አገር ምድሩን ሽማግሌ አድርጎ ቢልክ አልሰጥም!»

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው አመሰገኑ። ጋሻውም ተነሥቶ አመሰገነ። በአንድ ትንፋሽ ሚስት ያገኘና የተከለከለ ሰው ከእሱ በፊት መኖሩን እጠራጠራለሁ። ደስ ብሎታል፣ ፈርቷልም። እኔስ እውነቱን ለመናገር አሳዘነኝ።

ሁሉንም ከጓዳ ስትሰማ የቆየችው ወይንሸት ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነክሳ፣ ማስታጠቢያውን ይዛ መጣች። ሁሉንም አስታጥባ በመጨረሻ ሹፌሩ ጋ ደረሰች። እጁ ላይ ውሃ እያፈሰሰች ጎንበስ አለች።

«ሰማህ አይደል? ተሰጠሁ።»

«ሰማሁ። ግን ለየትኛው እንደሆነ እኔም አልገባኝም» አላት በሹክሹክታ።

«ለአስተዋዩ ነዋ። ድንገት ካገኘኸው ንገረው፤ እኔም ከሱ ሌላ አላገባም።»