ለአራት ብሎን ሰው አይጠራም

ባለሙያ መጥራትን እንደ ስድብ የሚቆጥር ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ድሬዳዋ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ ይህን ማዕረግ ያለ ተቀናቃኝ የያዙት ክቡር አቶ ኑሪ ናቸው። መፈክራቸው አጭር ነው፦ «ለአራት ብሎን ሰው ይጠራል እንዴ?»

ቬንትሌተራቸውን በገዛ እጃቸው ከጠገኑት ወዲህ ነፋሱ የሚወጣው ወደ ኋላ ነው። እርሳቸው ስሕተቱን አላመኑም፤ ባለቤታቸው ዚነት ግን ከጀርባው መቀመጥ ለምዳለች። የበሩ ደወልም እጃቸው ከነካው ጀምሮ የሚጮኸው የኩሽናው መብራት ሲበራ ነው።

ሰፈሩ ውስጥ ሌባ ገባ የተባለ ሰሞን ካሜራ ገዙ።

«አቦ ኑሪ፣ ይኼን እንኳ ለሚያውቅ ስጠው» አለች ዚነት።

ለወጉ ያህል አሰቡበት፤ ከዚያ መሰላል ተሸክመው ወጡ። በራቸውንም መንገዱንም አንድ ላይ ለማየት ሲሉ ካሜራውን ከግንቡ አናት በላይ ሰቀሉት። ከግንቡ ወዲያ የጎረቤታቸው የአሮጊቷ የአዴ ሃዎ ግቢ አለ። በድሬ ሙቀት ግቢ የሴቶች እልፍኝ ነው፤ ሻሽ የሚወልቀው፣ ፀጉር የሚታጠበው እዚያ ነው። አቶ ኑሪ ይህን የማያውቁ ሰው አይደሉም። ሐሳባቸው በሙሉ ብሎኑ ላይ ነበር፤ ይህም ማመካኛ አይሆንም። ሊታይ የሚገባውን ከማይገባው መለየት ብሎን ከማጥበቅ ይቀድማልና።

ከሰዓት በኋላ የጫት በርጫ ላይ የካሜራው ምስል የሚታይበትን ስልካቸውን ለእንግዶቻቸው አቀበሉ። «እዩ፣ ያለ ባለሙያ!» ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ የአዴ ሃዎ ልጅ ሙስአብ ዘንድ ደረሰ።

«ጋሽ ኑሪ፣ ይቺ እናቴ ናት» አለ ሙስአብ። «ፀጉሯን እየታጠበች ነው።»

ስልኩን ምንጣፉ ላይ ደፍቶ ወጣ። ጫት የቀነጠሰ እጅ ሁሉ ባለበት ቀረ።

አቶ ኑሪ ካሜራውን ወዲያው አወረዱ። ነገር ግን ሁለቱ ቤቶች ሳህን የሚቀባበሉባት፣ በግንቡ መካከል ያለችው ትንሽ በር ከወዲያ ተቀርቅራለች። እነ አቶ ኑሪ ሐርላ መንደር ዘመድ ሊጠይቁ በሄዱ ቁጥር አዴ ሃዎ ቤታቸውን የሚጠብቁት በዚያች በር እየገቡ ነበር። ተቀርቅራ አይተዋት አያውቁም።

በማግስቱ አቶ ኑሪ በመንገድ ዞረው፣ እንደ ባዳ አንኳኩ።

«አዴ፣ አጥፍቻለሁ። ምክንያት የለኝም።»

አዴ ሃዎ ሻሻቸውን አጠባብቀው አተኩረው አዩዋቸው።

«ወሪያ ኑሪ፣ ያ ነገር ሌባ ሲያይ ይጮኻል?»

«አይጮኽም አዴ። ያያል ብቻ።»

«እኔ እጮኻለሁ። ስትሄዱ ቤትህን የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ በኔ ላይ ዓይን ሰቀልክ?»

አዴ ሃዎ ወደ ውስጥ ገቡና አንድ አሮጌ ቬንትሌተር አቅፈው ተመለሱ።

«እንካ። አልዞር ብሏል።»

«አዴ፣ ይኼ እንኳ... ባለሙያ ቢያየው ይሻላል።»

ይህ ቃል ከአቶ ኑሪ አፍ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

«ለአራት ብሎን?» አሉ አዴ ሃዎ። የትንሿን በር መቀርቀሪያ ሳቡ። «በዚህ ውጣ። ሲያልቅም በዚሁ አምጣልኝ።»

ዛሬ አዴ ሃዎ ቤት የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ከቬንትሌተሩ ጀርባ ይቀመጣል።