ሙከይፍ ውስጥ የታቀፈችው እርግብ

ካቻቪቴ ይዤ ስንት ቤት ገብቻለሁ መሰላችሁ! ከሥራዬ በሕግ የታገድኩት ግን አንዴ ብቻ ነው። ያገደችኝም እርግብ ናት።

በደርግ ጊዜ ነው። ጂዳ፣ በግዳዲያ ሰፈር የቤት ማቀዝቀዣ እጠግናለሁ፤ እዚያ ሙከይፍ ይሉታል። መካ የሚኖሩ የወሎ እናት፣ ሐጃ ዘሃራ፣ «ሙከይፋችን ቆሟል፣ ድረስልን» ብለው ላኩብኝ። በመካ ሐሩር ያለ ሙከይፍ! ልጃቸው ኸዲጃ ደግሞ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። በረርኩ።

ጣሪያ ላይ ወጥቼ የኋላውን ክዳን ብፈታ፣ አንዲት እርግብ ሁለት እንቁላል ታቅፋ ታፈጥብኛለች! እጄን ስሰድ ሐጃ ከደረጃው ስሜን ጠርተው ጮኹ።

«ያ ሰይድ! እንዳትነካት! የሐረም እርግብ ናት!»

«ሐጃ፣ ትንሽ ፈቀቅ ላድርጋት እንጂ አልጎዳትም።»

«ፈቀቅም አይባልም!»

የሰፈሩን ሼህ ብንጠይቅ ለሐጃ ፈረዱላቸው። በሐረም፣ በተከበረው የመካ ክልል፣ ወፍ አይታደንም፣ ከጎጆውም አይባረርም፤ እርግብ የገደለ በግ አርዶ ለድሆች ያበላል። ጉድ እኮ ነው! እኔ ከአገሬ ስወጣ የሚያባርር እንጂ የሚከልል ሕግ መች አየሁ?

ኸዲጃ ግን ተቆጣች። «ኸላስ፣ በቃ! ወይ እሷ ትውጣ፣ ወይ እኔ ልውጣ!» ብላ ያን ሆድ ይዛ ጣሪያው ላይ ወጣች። እርግቧ በሙቀቱ አፏን ከፍታ ታለከልካለች፤ ከእንቁላሎቿ ግን ንቅንቅ የለም። ኸዲጃ ሆዷን ደግፋ አየቻት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ውሃ በሳህን አምጡላት» አለች።

ከዚያ ወዲያ ቤተሰቡ ሁሉ እርግብ ጠባቂ ሆነ! እኔም በየጁምዓው ከጂዳ እየመጣሁ እጎበኛለሁ። ጫጩቶቹ የተፈለፈሉ ቀን ሐጃ እልል ሲሉ ጎረቤት ኸዲጃ የወለደች መስሎት ግልብጥ ብሎ መጣ።

ኸዲጃ ወንድ ልጅ በተገላገለች በሦስተኛው ቀን ጫጩቶቹ በረሩ። ዕቃዬን ይዤ ከነፍኩ! ሞተሩን ቀየርኩ፣ ጠረግኩ፣ አበራሁት። ያ ቀዝቃዛ አየር ሽው ሲል ምርቃት ልቀበል ደረቴን ነፋሁ።

«አጥፋው!» አሉ ሐጃ ሕፃኑን እየሸፈኑ። «አራስ ቤት ብርድ ታስገባለህ? አርባ ቀን ሳይሞላ እንዳይነካ!»

አጠፋሁት። ኸዲጃ በብርድ ልብስ ተጀቡና ላቧ ይንጠባጠባል። ቀና ብላ አየችኝና፣

«ሰይድ፣» አለችኝ፣ «ሼሁ ለአራስስ ሕግ የላቸውም?»