የጋሼ ዲንቃ ንቦች አዲስ አበባ ገቡ

እኔ የምላችሁ፣ መቱ ከተማ ውስጥ ጸጥ ያለ ቦታ ታውቃላችሁ? ካወቃችሁ ጠቁሙኝ። ዝናቡ ሲያባራ ባጃጁ ይጀምራል፤ ባጃጁ ሲያርፍ የጎረቤት ጄኔሬተር ይነሳል። እናንተ ለምዳችሁት ይሆናል። እኔ ግን እንጀራዬ የሰርግ ቪዲዮ መቅረጽ ነው። ሽማግሌው ሲመርቁ ባጃጅ ጥሩምባ ከነፋ፣ የሙሽራዋ እናት ለዓመታት የሚወቅሱት ባለባጃጁን መሰላችሁ? እኔን ነው።

እንዲህ ድምፅ ስሸሽ ነው ጋሼ ዲንቃን ያገኘኋቸው።

ከመቱ ብዙም የማትርቀው ሁሩሙ ሰርግ ልቀርጽ ሄጄ ሙሽራው ዘገየ። (ሙሽራ ያልዘገየበት ሰርግ ገና አልቀረጽኩም።) ጆሮዬን ላሳርፍ ከድንኳኑ ጀርባ ዞር ስል፣ አንድ ሽማግሌ ጓሯቸው ውስጥ ቆመው፣ ጆሯቸውን ወደ ቀፎ አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያንጎራጉራሉ። ቃል የለውም፤ እምም ብቻ። ጠጋ ስል ነው የገባኝ። ንቦቹ ድምፃቸው ከፍ ሲል እሳቸውም ከፍ ያደርጋሉ። ዝቅ ሲል ዝቅ። አንዳንዴ ደግሞ እሳቸው ቀድመው ያነሱና፣ አታምኑኝም እንጂ፣ ቀፎው ይከተላቸዋል።

"ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?" አልኳቸው።

"እያወራን ነው" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

የሰፈሩ ሰው "ኦቦ ካኒሳ" ይላቸዋል፤ አቶ ንብ ማለት ነው። ትልቁ ልጃቸው ለማ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር "አባዬ፣ ዛሬ እንኳ ይተዉት" እያለ ይለምናቸው ነበር። ይህን ሲነግሩኝ ሳቁ። ሳቁ ግን ከጥርሳቸው አላለፈም።

ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ቀረጽኳቸው። ሰባት ደቂቃ ወጣው። ዘፋኝ የለው፣ እስክስታ የለው! ለማን ይሰጣል? እንዲሁ ኮምፒውተሬ ውስጥ ተቀመጠ።

አንድ ቀን ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ አየሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በየወሩ ፊልም የሚያሳዩ ወጣቶች "የሙከራ የሙዚቃ ፊልም ያላችሁ ላኩልን" ይላሉ። የሙከራ? መጀመሪያ ለልምምድ የተሠራ ማለት መስሎኝ ነበር። እንደዚያ ከሆነማ ቤቴ ሞልቷል! የመጀመሪያው ዓመት ሰርጎቼ በሙሉ ሙከራ ናቸው፤ ሙሽሮቹ አያውቁም እንጂ። ቀጥዬ ሳነብ ግን ሙዚቃና ምስልን ባልተለመደ መንገድ የሚያገናኝ ሥራ ማለታቸው ነው። ያኔ ጋሼ ዲንቃ ትዝ አሉኝ።

የመላኪያው የመጨረሻ ቀን መቱ ላይ ኔትወርክ ጠፋ። ጎሬ ከፍታ ላይ ናት፣ ይሻላል ብዬ በሚኒባስ ወጣሁ። ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ ዓይኔን ከስልኬ ሳልነቅል አራት ሻይ ጠጣሁ። አስተናጋጇ የታመመ ዘመድ ወሬ የምጠብቅ መስሏት "እግዜር ይማርልህ" አለችኝ። አሜን አልኳት። ወዲያው ፊልሙ ሄደልኝ!

ከሳምንት በኋላ መልስ መጣ። "ሥራህን ወደነዋል። ነገር ግን ድምፁ ውስጥ የኤሌክትሪክ ችግር የሚመስል ጥዝዝታ አለ። በሦስት ቀን ውስጥ አጽድተህ ብትልክ እናሳየዋለን።"

ጥዝዝታ! ንቦቹን እኮ ነው!

አልዋሻችሁም፣ ሞከርኩት። ኮምፒውተሬ ላይ አንድ ነገር ነካ አደረግሁ፤ ንቦቹ ጠፉ። ሽማግሌው ብቻቸውን ቀሩ። ከባዶ ቀፎ ጋር የሚያንጎራጉሩ ሰው። ልክ የሰፈሩ ሰው እንደሚያያቸው። አፈርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሁሩሙ ሄጄ ሁለቱንም ቅጂ አሰማኋቸው። "ጋሼ፣ ንብ ከሌለበት ይታያል፤ ካለበት ላይታይ ይችላል። ምን ይሻላል?"

ጋሼ ዲንቃ ትክ ብለው አዩኝ። "ዘፋኞቹን አስወጥተህ እኔን ብቻ ልታሳይ? እኔ እኮ ተቀባይ ነኝ።"

"እስቲ ይድገሙልኝ" አልኩና ድምፃቸውን በስልኬ ቀድቼ፣ "ዘፋኞቹ ንቦቹ ናቸው" ብዬ ጽፌበት ለአዘጋጆቹ ላክሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንዲት ልጅ ደወለች። "ንብ ነው እንዴ?!" ብላ ጮኸች፤ ሳቀች፤ ይቅርታ ጠየቀች። "እንዳትነካው! እሳቸውንም ይዘህልን ና።"

ሄድን። ለማም አባቴን ብቻቸውን አልለቅም ብሎ ተከተለን። አዳራሹ ሞልቷል። ጋሼ ዲንቃ ኮታቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። መብራቱ ጠፋ፣ ፊልሙ ጀመረ፣ ንቦቹ ጥዝዝ አሉ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ፣ ጉዱን ማንም ያልነገረው የድምፅ ባለሙያ ማጉያው የተበላሸ መስሎት ሮጦ አጠፋው።

ጸጥ። መቱ ውስጥ ያጣሁት ጸጥታ እዚያ አገኘኝ። ሽማግሌው ስክሪኑ ላይ ያለ ድምፅ ይወዛወዛሉ። ልነሳ ስል ከፊት ወንበር አንድ ድምፅ ተሰማ።

"እምም…"

ጋሼ ዲንቃ ናቸው። ቁጭ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ስክሪኑ ላይ ካሉት ከራሳቸው ጋር አንድ ላይ ያንጎራጉራሉ። ቀጥሎ ከአጠገባቸው ሁለተኛ ድምፅ ተቀበላቸው። ዞር ብዬ አየሁ። ለማ ነው! እንባው እየወረደ፣ እምም። ከዚያ የኋላው ረድፍ፣ ከዚያ የጎኑ። ያ ሁሉ የከተማ ሰው በጨለማ ውስጥ ጥዝዝ አለ። ድምፁ ተመልሶ ሲከፈት ንቦቹና አዳራሹ አንድ ላይ ነበሩ። ሲያልቅ ሰው በሙሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እኔ? እኔማ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

መድረክ ላይ አወጡን። ስለ ፊልሙ ማብራሪያ ሁለት ገጽ ጽፌ ኪሴ ይዤ ነበር። ማን ጠየቀኝ! ማይኩ ከጋሼ ዲንቃ እጅ አልወጣም። አዘጋጇ "ቀጣዩ ሥራዎ ምንድን ነው?" አለቻቸው። "ማር መቁረጥ" አሏት። እንደገና ጭብጨባ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ፣ አዘጋጆቹ ቴሌግራም ላይ የለቀቁትን ፊልም ስልኩ ላይ ያየ አንድ መንገደኛ አወቃቸው። እየዞረ ሰላም ሲላቸው፣ ሲያደንቃቸው ቆይቶ፣ ወደኔ አየና "ይሄስ ማነው?" አላቸው። ጎሮሮዬን ጠረግሁ። ጋሼ ዲንቃ ትከሻዬን በፍቅር መታ መታ አደረጉ።

"ጎበዝ ልጅ ነው" አሉት። "ካሜራ ይይዝልኛል።"

ፊልም ሠሪ ሆኜ ሄጄ ካሜራ ያዥ ሆኜ መቱ ገባሁ። እንዲህ ደስ ብሎኝ ከሥልጣን ወርጄ አላውቅም።