የጎመኑ የበላይ ጠባቂ

አትክልቱን ማቀድ የጀመርነው መስከረም ሃያ ይመስለኛል። አይ፣ የደመራው አመድ ገና አልተጠረገም ነበርና አሥራ ስምንት መሆን አለበት። ወይም አሥራ ዘጠኝ። እርግጠኛው ነገር ጋሽ ሕዝቅኤል የመጥረጊያ እንጨት ይዘው ከሁላችንም በፊት መገኘታቸው ነው።

በዚህች ከተማ እሳቸውን የመሰለ ሰው የሌለበት ኮንዶሚኒየም የለም። ዶማ አይነኩም፤ ጓሮውን ግን ያስተዳድራሉ። እኛ የካ አባዶ ያለችን በሕንፃችንና በአጥሩ መካከል ያለች ቁራጭ መሬት ናት፤ ክቡርነታቸው ግን እንደ አውራጃ ይከፋፍሏት ነበር። ካሮትና ቀይ ሥር እንዳይጎራበቱ ከለከሉ፦ "ሁለቱም ወደ ታች ነው የሚያድጉት፣ ይጣላሉ።" ሰላጣውን ወደ ምሥራቅ አዛወሩ፤ በማግስቱ መለሱት። እንዝራ ባልናቸው ቁጥር ደግሞ መልሱ ያው ነው፦ "ቆይ፣ መሬቱ ይተንፍስ።"

ምድር ቤት የምትኖረው ዘቢደር አንድ ቀን አላስቻላትም። "ጋሽ ሕዝቅኤል፣ እርስዎ አቅደው ሲጨርሱ እኮ ፋሲካ ይደርሳል።"

"ፋሲካ ላይ ማን ጎመን ይበላል?" አሉ፣ ቅር ሳይላቸው።

እኔን ግን ያበሳጩኝ ነበር። ኮተቤ የነበረው የእናቴ ቤት ሲፈርስ ከጓሮዋ የተረፈኝ በጨርቅ የተቋጠረ የጎመን ዘር ብቻ ነው። ዘር ያረጃል፤ ዘንድሮ ካልበቀለ ሌላ ከየትም አላመጣም። ይህን ለማንም አልነገርኩም። ጎልማሳ ሰው ለጎመን ሲጨነቅ አያምርም።

በጥቅምት አጋማሽ መሬቱ ተንፍሷል ተባለ። ዘራሁት፤ በቀለ። ኅዳር ሲገባ የእንጦጦ ብርድ መውረድ ጀመረ፤ ጋሽ ሕዝቅኤልም ችግኙን ውርጭ እንዳይመታው ማታ ማታ በደረቅ ሣር ይሸፈን የሚል መመሪያ አወጡ። እያጉረመረምኩ ሸፈንኩ።

የረሳሁት ኅዳር አሥራ ሁለትን ነው። ያን ቀን ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን በየደጁ ሰብስቦ ያቃጥላል፤ ኅዳር ይታጠናል። እኔ ሣሩን ሳላነሳ በማለዳ ሥራ ሄጄ ነበር። ከሰዓት ስመለስ ከሚኒባሱ መስኮት ጭሱን አይቼ ክው አልኩ፤ ደረቅ ሣር ከቆሻሻ በምን ይለያል? ከማቆሚያው እስከ ግቢያችን በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ።

ሣሩ እንዳለ ነበር። ከመደቡ ፊት ጋሽ ሕዝቅኤል ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ፍም መስሏል፣ ሽበታቸው ላይ አመድ አርፏል። የሆነውን ያወራችኝ ዘቢደር ናት። ጠዋት የሕንፃው ሰዎች ክብሪት ይዘው ሲመጡ፣ ጭስ ስለማይስማማቸው በየዓመቱ ያን ቀን መስኮት ዘግተው የሚውሉት ሰውዬ ወርደው እዚያ ቁጭ አሉ። "መጀመሪያ እኔን እጠኑ" አሏቸው። ከዚያ ወዲህ አልተነሱም።

ሣሩን ገለጥ አደረግሁት። ችግኙ እንደለመለመ ነው። አጠገባቸው ዘጭ አልኩ። ይህን ሣር ያስለበሱት እሳቸው ባይሆኑ መጀመሪያውኑ የሚቃጠል ነገር አይኖርም ነበር፤ ይህን ልላቸው አስቤ ሣሩን ከችግኙ ላይ ማንሳት ጀመርኩ።

ጋሽ ሕዝቅኤል ሱሪያቸውን አራግፈው ተነሱ። "ውሃ ስጠው እንጂ፤ የእናትህ ጎመን ጭስ ጠጥቷል" አሉኝ።

ማን ነገራቸው? ልጠይቃቸው ቀና ስል እያሳሉ ደረጃውን ወጥተዋል።